አሥራ ሁለተኛው እንቁላል

በእኛ አገር ስለ እንቁላል የምትነገር አንዲት ምሳሌ አለች። ሠርግ ቤት ደጋሽ ሲሳሳት ይሏታል። ዕድር ላይ አንዱ ያልታዘዘውን ሠርቶ ነገር ሲያበላሽ ይሏታል። አምና እንኳ አንድ ጎረምሳ ማሳ ሊያጸዳ ገብቶ የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ሁለት ጎረቤት ያጣላ ጊዜ፣ ሽማግሎቹ ከእሷ ሌላ የተናገሩት የለም። ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች ግን እኔን የሚጠይቅ አንድም ሰው የለም። ዲያቆኑ «ከመጽሐፍ ናት» ይላል። መጽሐፍ መቼ እንቁላል ቀቅሎ ያውቃል? አስተማሪዋ ደግሞ «የጥንት አባቶች ብልሃት ናት» አለችኝ። አባቶች መቼ ጓዳ ገብተው ያውቃሉ? «ስትነገር እዚያው ቆሜ ነበር፤ እኔ ባለሁበት ጓዳ ነው የተወለደችው» ስላቸው ፈገግ ብለው ይተያያሉ። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች ነው ነገሩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እንቁላል ግን ቆጥሬአለሁ።

ያኔ ተድሬ ብቸና አጠገብ ባሌ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤቱ የአማቴ የእመት የውብዳር ነው። በርበሬውን የሚሰፍሩት፣ ቅቤውን የሚያነጥሩት፣ የጎተራውን አፍ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ለእኔ የተለቀቀልኝ ዶሮና እንቁላል ብቻ ነበር፤ እሱንም «እስቲ እንያት» ብለው እንጂ አምነውኝ አይደለም።

የዶሮን ነገር ለማያውቅ ልንገር። አንዲት ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ ሌሎቹ ዐርፈው አይቀመጡም፤ ጎጆዋ ሞቅ ሲላቸው ገብተው የራሳቸውንም እዚያው ይጥሉባታል። ጫጩት የጀመረው ከዛሬው እንዳይቀላቀል ባለሙያ ሴት ስታስታቅፍ በእያንዳንዱ እንቁላል ወገብ ላይ በከሰል ታሰምርበታለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት እጇን ከዶሮዋ ሆድ ሥር ትሰድና መስመር የሌለውን ታወጣለች፤ መስመር ያለውን አትነካም። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ትምህርት ቤት በር አልደረሰችም።

በዚያ ሰሞን ጓዳው ጥግ ባለ ስባሪ ገንቦ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤ ቀይዋን ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፌያታለሁ። ስድስተኛ ቀኗ ነው። ከእነሱ ሌላ ለወጥ የሚሆን አሥራ አራት እንቁላል ጤፍ ውስጥ ቀብሬ አስቀምጫለሁ። የተቀመጠው ለማንጠግቦሽ ነው።

ማንጠግቦሽ የባሌ ታናሽ እህት ናት። በዚያ ቤት «አንጓች» ብላ ስሜን በደህና የምትጠራ እሷ ብቻ ነበረች። ለባል ታጭታ፣ እሺ ተብሎ፣ የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ቀርቷል። የልጁ ወገኖች ቀን ሊቆርጡ የሚመጡት በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ያ ቀን ከተበላሸ ጾሙ ይገባል፤ ጾሙ ሲፈታ ጥር ነው፤ ቀን ሳይቆረጥ ደግሞ ጠላ የሚጠምቅ የለም። ጥር ካለፈ ያው ዓመት መጠበቅ ነው። ለልጁ እዚያ ማዶ ሌላ ልጃገረድ አለች ብለው የሚያሾከሹኩ ዘመዶች እንዳሉ ደግሞ ሰምተናል። ማንጠግቦሽ ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

ከሚመጡት አምስት እንግዶች ወንዶቹን አልፈራናቸውም። ወንድ ከጠገበ ይመርቃል። የፈራነው የልጁን እናት እመት ደብሬን ነው። ለትልቁ ልጃቸው ወደታሰበች ልጅ ቤት ሄደው፣ ድስት ጆሮ ላይ የከረመ ጥቀርሻ አይተው፣ ነገሩን እዚያው አቋርጠው ተመልሰዋል ይባላል። አሁንም «የዶሮውን ወጥ ልጅቷ በእጇ ትሥራው» ብለው ልከውብናል።

በዋዜማው የአማቴ እህት እትዬ አፀደ ልታግዝ ከደብረ ማርቆስ መጣች። በፊቷ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ አፈር ይቅለላትና አንቺ ብላት አትቆጣኝም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ይህንንም የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እጇ ግን አያርፍም። ገና እንደገባች እንስራውን አጠበች፣ የመሶቡን ክዳን አጠበች፣ የወንዶቹን ዱላ ሳይቀር በውሃ ወለወለች። «ሰው ቤቱን በእንግዳ ዓይን ነው ማየት ያለበት» ትላለች። ነገሩስ እውነት ነው፤ እንግዳ ግን የቤቱን ሁሉ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ወርጄ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቀይዋ ዶሮ የጓዳው ደጃፍ ላይ ቆማ ትጮሃለች። የታቀፈች ዶሮ በቀን አንዴ ወርዳ እህል ለቅማ፣ ውሃ ጠጥታ ወዲያው ትመለሳለች፤ እንዲህ ቆማ አትጮህም። እንስራዬን ሳላወርድ ገባሁና ገንቦውን አየሁት። ጭዱ አለ፣ እንቁላል የለም።

እትዬ አፀደ እጅጌዋን ሰብስባ ገበቴ ፊት ተቀምጣለች። ገበቴው ላይ እንቁላሉ ሁሉ ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ሆኖ ተደርድሯል።

«እትዬ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ግማሹን ከጤፍ ውስጥ፣ ግማሹን ከዚያ ገንቦ። ዶሮዋ እስክትወርድ ጠብቄ ሰበሰብኩላችሁ። ግን አንጓች፣ ምን ዓይነት አያያዝ ነው? ጥላሸት ለብሶ እኮ ነው ያገኘሁት። እንግዳ ቢያይ ምን ይላል?»

«ጥላሸቱን ምን አደረጉት?»

«አጠብኩታ። በአመድ ፈትጌ።»

እንስራውን አወረድኩ። «የታቀፉ ናቸው፣ እትዬ። ስድስት ቀን የታቀፉ አሉባቸው።»

«የትኞቹ?»

«የትኞቹ እንደሆኑ እንዳውቅ ነበር ጥላሸቱ።»

ሽንኩርት የምታቁላላው ማንጠግቦሽ ማማሰያዋን ይዛ ቀረች። እኔ ግን ዓይኔ ከምድጃው ላይ አረፈ። ትንሹ ድስት ይንተከተካል።

«እዚያስ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አሥሩን ጥጃቸዋለሁ» አለች እትዬ አፀደ፤ ድምፅዋ አሁን ቀጠን ብሏል። «ሰዓት እንዳይሄድብን ብዬ። እጄ ያገኘውን አንስቼ።»

አማቴ ነገሩን ሰምተው ገቡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው እኔን ነው የተቆጡት፤ ያልነበረ ሰው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ነው። እትዬ አፀደ «ቀላል ነገር ነው፤ የቀሩትን በውሃ እንፈትናቸዋለን፤ መጥፎው ይንሳፈፋል፤ ተምረነዋል» አለች።

«የሚንሳፈፈው የገማው ነው» አልኩ። «እነዚህ አልገሙም፤ ሕይወት ያላቸው ናቸው። የስድስት ቀኑ እንደ ደህናው ይሰምጣል።»

«አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽው?» አሉ አማቴ።

የጓዳውን የጓሮ በር ዘጋሁት፤ ወደ ትልቁ ቤት ያለውን መጋረጃም አወረድኩ። ጨለማ ሲሆን በጣሪያው ሣር መሃል አንዲት የፀሐይ ጨረር ትገባለች። ከገበቴው የቀሩትን አሥራ ስድስት እንቁላሎች አንድ በአንድ በሁለት እጄ ከብቤ ጨረሯ ላይ ያዝኳቸው። ደህናው እንቁላል እንደ ማር ጥርት ብሎ ይበራል። የታቀፈው ግን ቀይ ክር ዘርግቷል፤ ክሩ መሃል እንደ ሸረሪት ያለች ጥቁር ነጥብ አለች፤ ልብ ብለው ሲያይዋት ትነቃነቃለች። አንዳንዱን ሁለቴ አየሁት። ሦስቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል፤ አንዷ ብቻ ታምነኛለች።

ስጨርስ በቀኜ አሥራ አንድ፣ በግራዬ አምስት ሆነ። ግራው ደህናው ነው።

«አንዱ የለም» አልኩ። «ድስቱ ውስጥ ነው፤ ከተቀቀሉት አንዱ።»

«አሥራ ሁለት እንደነበሩ በምን ታውቂያለሽ?» አሉ አማቴ።

«ያሰመርኩባቸው እኔ ነኛ።»

«ቆጠራ ሳይማሩ ያሳስታል፣ እህቴ» አለች እትዬ አፀደ ወደ አማቴ ዞራ፤ እኔ የሌለሁ ይመስል። «አሥራ አንድ ይሆናል የነበረው።»

«አሥር ጣትና ሁለት ጡት አለኝ፣ እትዬ» አልኳት። «ስቆጥር አንዱም አልተረፈኝም።»

አማቴ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ያዙ፤ ይቆጡ ይሳቁ አልለየሁም።

አሥራ አንዱን በከሰል እንደገና አሰመርኩባቸውና ገንቦው ውስጥ መለስኩ። ዶሮዋ ነፍሷ ቀድማት ገባች። አሥሩን ቅቅል ግን አውጥተን እንጣል ብል ማን ሰምቶኝ። «ጾም ሊገባ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያለውን ቀቅሏል፤ ከማን ትበደሪልኛለሽ?» አሉ አማቴ። ከፍለን እንያቸው ብልም አልሆነም። የተከፈለ እንቁላል እንግዳ ያለበት መሶብ ላይ አይወጣም፤ ባለቤቱ የገዛ ድስቱን ጠርጥሯል ማለት ነዋ።

ማንጠግቦሽ እጄን ያዘች። «አንጓች፣ ምን ይሻለኛል?»

«እንግዶቹ አምስት ናቸው» አልኳት። «በጨረር ያየኋቸውም አምስት ናቸው። ለብቻ እቀቅላቸዋለሁ።»

መቼም የወጥ እንቁላል ከተላጠ በኋላ ወጡ እንዲገባው በቢላ ጫፍ ጫር ጫር ይደረጋል። አሥሩን ቁልቁል ጫርኳቸው። አምስቱን ግን ጠለቅ አድርጌ በመስቀል ቀደድኳቸው። «መስቀል ያለበት ለእንግዳ፣ ሌላው ለእኛ» አልኩ። አማቴ እሺ አሉ። እትዬ አፀደም አንገቷን ነቀነቀች። ለእሺታ መስሎኝ።

እንግዶቹ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ደረሱ፦ የልጁ አባት፣ ቄሱ፣ ሁለት ሽማግሎችና እመት ደብሬ። እኔ ማስታጠቢያ ይዤ እጅ ላስታጥብ ወጣሁ። አምስት ሰው ማስታጠብ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ጓዳ ስመለስ የወጡ ሳህን ወጥቷል፤ እትዬ አፀደ ጭልፋውን ታጥባለች። ድስቱን ገልጬ አየሁ። አምስቱም መስቀሎች ከእነ ቀዳዳቸው ወጡ ላይ ተኝተዋል።

«እትዬ፣ የትኞቹን አወጡ?»

«ቆንጆ ቆንጆዎቹን። የአንቺዎቹ አፋቸው ተከፍቶ አስቀያሚ ሆነዋል፤ ለቤተሰብ ይሁኑ ብዬ ተውኳቸው።»

ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ። ዘግይቻለሁ። አማቴ እንቁላሉን በየእንግዳው ፊት እያወጡ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቁልቁል የተጫረውን አዩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ግን ከእንግዳ ፊት የተቀመጠ አይነሳም። አምስተኛውንም አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እኔ እንጃ፤ እንደዚያ ረዝሞ የወጣ ምሳ በሕይወቴ አላየሁም። ወንዶቹ ከባሌ ጋር መሶቡ ዙሪያ ናቸው። እመት ደብሬ ከአማቴ ጋር ምሰሶው ሥር ናቸው። እኔ ማስታጠቢያዬን አቅፌ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ማንጠግቦሽ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አለች፤ እግሯ ብቻ ይታየኛል።

አንደኛው ሽማግሌ እንቁላላቸውን በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። ጥርስ የላቸውም፤ ቢኖርበትም አያውቁ ነበር። ሁለተኛው ገመሱት፤ ቢጫ ነው። የልጁ አባት እንቁላሉን በእጃቸው ይዘው ስለ ገዙት በሬ ያወራሉ። አንዴ ወደ አፋቸው ያስጠጉታል፤ ደግሞ የበሬው ሻኛ ትዝ ሲላቸው ይመልሱታል። በመጨረሻ ጎረሱት፤ ዝም ብለው አላመጡ፤ ወደ በሬያቸው ተመለሱ። ቄሱ የእሳቸውን ለመጨረሻ አቆይተውታል። ደም ያለበት ነገር ቄስ እጅ ከገባ ነገሩ የሠርግ ብቻ አይሆንም፤ ቤቱ በሙሉ ይረክሳል። ቆረሱት። ቢጫ። የያዝኩትን ትንፋሽ ልለቅ ስል ወደ ምሰሶው አየሁ።

እመት ደብሬ እንቁላላቸውን ገና መክፈታቸው ነው። ከትከሻቸው በላይ አየሁት። አስኳሉ መሃል የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ ደም የቋጠረ፤ የምስር ፍሬ የምታክል ዓይን አለችው።

አልጮሁም። የእንጀራውን ጫፍ አነሱና ሸፈኑት። አፋቸው ውስጥ ያለውን ጉርሻ ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ።

«ወጡስ ሸጋ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ከመሶቡ።

«ሸጋ ነው» አሉ እመት ደብሬም። ከዚያ የተሸፈነውን በመዳፋቸው ይዘው ተነሡ። «እስቲ ጓዳችሁን አሳዩኝ።»

አማቴና እኔ ተከትለናቸው ገባን፤ ማንጠግቦሽና እትዬ አፀደ እዚያው ናቸው። መጋረጃው ሲወርድ እንጀራውን ገለጡት። ማንጠግቦሽ አየችና በሁለት እጇ ጆሮዎቿን ያዘች፤ የሚመጣውን እንዳትሰማ ይመስላል።

«ወጡን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ እመት።»

«እንቁላሉንስ?»

ማንጠግቦሽ አንገቷን ደፋች። አማቴ ወደ እኔ አዩ። «ዶሮና እንቁላል የምራቴ ነው። አደራ ብያት ነበር» አሉ።

እመት ደብሬ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ስታስታቅፊ አታሰምሪም?»

«አሰምራለሁ።»

«የዚህ መስመሩ የታለ?»

እትዬ አፀደን አየኋት። የታጠበውን ጭልፋ ደግማ ትወለውላለች። ዓይኗን ከጭልፋው አላነሳችም።

«ጥሩ» አሉ እመት ደብሬ። «እንቁላል የማይለይበት ቤት ያደገች ልጅ የእኔን ቤት ልትለይ አትችልም። በእንግዶች ፊት አላዋርዳችሁም። የቀኑን ነገር በኋላ እንልክባችኋለን ብለው እንዲነሡ ለባለቤቴ እነግራቸዋለሁ።» መጋረጃውን ሊገልጡ እጃቸውን ዘረጉ።

ማንጠግቦሽ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ የምትተነፍስም አልመሰለኝ። እኔ ሄጄ መጋረጃው ፊት ቆምኩ። ምራት በእንግዳ ፊት መንገድ አትዘጋም፤ አውቃለሁ። ዘጋሁት።

«እመት ደብሬ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አልኩ። «መጀመሪያ ያንን ዶሮ ይመልከቱልኝ።»

ተቆጥተው እንኳ ባለሙያ ናቸውና ዞሩ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከቀይዋ ዶሮ ሆድ ሥር ሰደዱ። አንድ አወጡ፤ ጥቁር መስመር አለው። ሌላ አወጡ፤ አለው። መስመሩን በአውራ ጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ከሰሉ ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ይህ የዛሬ መስመር ነው» አሉ።

«የዛሬ ነው። የፊተኛው ታጥቧል። አሥራ አንዱን በጨረር ለይቼ መልሼአለሁ፤ አሥራ ሁለተኛውን እርስዎ ይዘውታል።» ከዚያ ፊቴን ወደ ጭልፋዋ አዞርኩ። «እትዬ አፀደ፣ ይህች ልጅ በእርስዎ ዝምታ ቤት ልትቀር አይገባም። ከሰሉን ያጠቡት እርስዎ ነዎት፤ መስቀል ያለበትን ትተው ሌላውን ያወጡትም እርስዎ ነዎት። እመት ደብሬ ከዚህ ጓዳ ሳይወጡ በራስዎ አፍ ይናገሩ።»

አማቴ ዝም በይ አላሉኝም። እትዬ አፀደ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው» አለች። «አጠብኩት። ሁሉንም። የቤቱን ሰው አንድ ቃል አልጠየቅኩም።»

እመት ደብሬ የያዙትን እንቁላል ከእነ እንጀራው ምድጃው ውስጥ ጣሉት። ሁለቱን ሙቅ እንቁላሎች ለዶሮዋ መልሰው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ማንጠግቦሽን በክንዷ ይዘው አስነሡና፣ በመጋረጃው በኩል ወደ ባላቸው «ጥር ሃያ አንድ ትሁን በሏቸው» ብለው ተጣሩ። ከዚያ ለመውጣት አንድ እግራቸውን ካነሡ በኋላ ወደ እትዬ አፀደ ዞር አሉና፣ ሳይቆጡ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርገው እንዲህ አሏት፦ «እህቴ፣ ሳይጠይቁ ያጠቡት እንቁላል፣ ወጥ ውስጥ ይፈለፈላል።»